ነጥብ ዘጠኝን ሸሽቶ የዓይን ሕመም ኮድ መስጠት

የአራት ዓመት ሕፃን በእርጅና የሚመጣ የዓይን ሞራ ግርዶሽ አይዘውም። እኔ ግን አንድ ጊዜ አስይዤዋለሁ። ሐኪም በካርድ ላይ የጻፈውን በሽታ ወደ ምደባ ኮድ የመቀየር ሥራ፣ ኮደርነት፣ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር ነው። ሐኪሙ «ካታራክት፣ ሁለቱም ዓይን» ብሎ ጽፏል፤ እኔም ሙሉ ጠዋት በክምር ካርድ ላይ እጄ የለመደውን የእርጅና ግርዶሽ ኮድ፣ ኤች 25.9፣ ጻፍኩበትና ወደ ጎን አደረግኩት። ዕድሜውን ያየሁት ሪፖርቱ በዕድሜ ተከፋፍሎ ሲወጣ ነው። አለቃዬ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጠው «እህቴ፣ ይኼ ልጅ መቼ አረጀብን?» አሉኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከነጥቡ በኋላ የምትመጣውን 9 እጠረጥራለሁ። በዚህ ምደባ ነጥብ ዘጠኝ በአብዛኛው «ዓይነቱ ያልተገለጸ» ማለት ናት። ሐኪሙ ሳይገልጽ ሲቀር ትክክለኛ ኮድ ናት። ሐኪሙ ገልጾ ኮደሩ ሳያነብ ሲቀር ግን የኛ ጥፋት ናት፤ ሪፖርቱ ላይ ሁለቱን መለየት ደግሞ አይቻልም። አሁን አዲስ ገቢዎችን የማሠለጥነው እኔ ነኝና፣ ለነሱ የምነግራቸውን እዚህ ላስፍረው። የኮዶቹን ፊደላት በስልክ ስንነጋገር እንደምንጠራቸው እጽፋለሁ።

የምጠቀመው የዓለም ጤና ድርጅትን አሥረኛውን ምደባ፣ አይሲዲ-10ን ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990 ጸድቆ ከ1994 ጀምሮ አገሮች ሥራ ላይ ያዋሉት ነው። በዘጠነኛው ምደባ ዓይን ራሱን የቻለ ምዕራፍ አልነበረውም፤ ከነርቭና ከስሜት ሕዋሳት ጋር ተዳብሎ ከ360 እስከ 379 ባሉት ቁጥሮች ይኖር ነበር። በአሥረኛው ሰባተኛው ምዕራፍ ለብቻው ተሰጠው፤ ከኤች 00 እስከ ኤች 59። ኤች የሆነ ሁሉ ግን ዓይን አይደለም፤ ከኤች 60 ጀምሮ ያለው የጆሮ ነው። ቁጥር ሲዘዋወር አንድ አኃዝ ስታችሁ በሽተኛውን ከዓይን ክፍል ወደ ጆሮ ክፍል እንዳታዛውሩት።

ካርዱን እስከ ታች

የዓይን ሐኪም ካርድ ቅደም ተከተል አለው። ከላይ የበሽተኛው አቤቱታ፣ ቀጥሎ የማየት አቅም፣ የዓይን ግፊት፣ በስሊት ላምፕ (ዓይንን አጉልቶ በሚያሳየው መብራት) የታየው፣ ፈንደስ (የዓይን ውስጠኛው ጀርባ)፣ ከታች የሐኪሙ መደምደሚያና የሕክምና ዕቅድ። ጀማሪ ዓይኑ የሚያርፈው ከላይ ነው። «ያመኛል፣ ብዥ ይልብኛል» የሚለውን አንብቦ ኤች 57.1 የዓይን ሕመም ስሜት፣ ወይም ከኤች 53 አንዱን የእይታ መዛባት ይሰጣል። ከታች ደግሞ «የኮርኒያ ቁስለት» ተብሎ ተጽፏል፤ ኮርኒያ ከዓይን ፊት ያለው ግልጽ ሽፋን ነው። ሕመሙም ብዥታውም ከቁስለቱ የመጡ ናቸውና ኮዱ ኤች 16.0 ብቻ ነው። የምልክት ኮድ የሚሰጠው ሐኪሙ መርምሮ ምክንያቱን ሳያገኝ ሲቀር ነው።

ተቃራኒው ስሕተትም አለ፤ ትንሽ ልምድ ያገኘ ኮደር ሐኪም መሆን ያምረዋል። ግፊቱ 32 ተብሎ ተጽፎ ሲያይ «ይኼማ ግላኮማ ነው» ይላል፤ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳውን በሽታ ማለቱ ነው። አይባልም። ቁጥሩን ያየው ሐኪሙም ነው፤ ግላኮማ ብሎ ካልጻፈ እኛ አንጽፍለትም። መጠየቅ እንችላለን፤ አጠያየቁን ኋላ እመጣበታለሁ።

ምህጻረ ቃላቱን በትንሽ ደብተር መያዝ ይጠቅማል። ኦዲ ቀኝ ዓይን፣ ኦኤስ ግራ ዓይን፣ ኦዩ ሁለቱም ነው። ይኸው ኦዲ ግን የመድኃኒት ማዘዣ ላይ «በቀን አንድ ጊዜ» ማለትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጠብታ ከታዘዘበት መስመር ላይ ቀኝና ግራ አትልቀሙ፤ ከምርመራው መስመር ላይ ልቀሙ። የእኔ ደብተር ላይ በቀይ የተሰመረበት ኤስሲኤች ነው። ብዙ ጊዜ የዓይን ነጩ ላይ የሚታየው፣ ሰውን የሚያስደነግጥ ግን በራሱ የሚጠፋው ደም ነው፤ ኤች 11.3። ከቀዶ ሕክምና ጋር ተያይዞ ሲጻፍ ግን ከኮሮይድ (በዓይን ኳስ ውስጥ ካለው የደም ሥር ሽፋን) ሥር የፈሰሰ ደም ሊሆን ይችላል፤ እሱ ኤች 31.3 ውስጥ የሚገባና ዓይን የሚያጠፋ ነገር ነው። ፊደሎቹ አንድ ናቸው፣ የሚለያቸው በዙሪያቸው ያለው ጽሑፍ ነው።

ሥዕሉንም ልብ በሉ። ሐኪሞች ሁለት ክብ ሥለው ያዩትን ምልክት ያደርጋሉ። ሥዕሉ ሐኪሙ ፊት ለፊት የተቀመጠውን ሰው እንደሚያየው ነው፤ በወረቀቱ ግራ በኩል ያለው ክብ የበሽተኛው ቀኝ ዓይን ነው። ይህን ሳላውቅ ስንት ቀኝ ወደ ግራ እንዳዞርኩ ባልቆጥረው ይሻለኛል።

መጽሐፉ ሦስት ጥራዝ ነው። ሦስተኛው የፊደል ተራ ማውጫ፣ አንደኛው የኮዶቹ ዝርዝር፣ ሁለተኛው የአሠራር ደንቡ። ማውጫው ውስጥ «ዓይን» ብላችሁ አትፈልጉ፤ የምትፈልጉት የበሽታውን ስም ነው፣ ዓይን ከሥሩ ይመጣል። ከማውጫው ያገኛችሁትን ኮድ ደግሞ አንደኛው ጥራዝ ላይ ሳታዩ አትጻፉ፤ «ይህ እዚህ አይገባም፣ እዚያ ሂድ» የሚሉት ማስታወሻዎች የተጻፉት እዚያ ነው። አሁን በኮምፒውተር የሚፈልግ ሰው ይበዛል፤ ፕሮግራሙ ኮዱን ብቻ አውጥቶ ማስታወሻውን የሚደብቅ ከሆነ መጽሐፉን አጠገባችሁ አድርጉ።

ኤች ነው ወይስ አይደለም?

የዓይን ክፍል ካርድ ስለሆነ ብቻ ኮዱ በኤች አይጀምርም። አዲስ ሠልጣኝ ሲመጣ የመጀመሪያ ሳምንት የማሠራው ይህንን ብቻ ነው። ተላላፊ በሽታ፣ ዕጢ፣ ከውልደት ጋር የመጣ ጉድለት፣ የምግብ እጥረትና ስኳር፣ የአደጋ ጉዳት፣ ሁሉም የየራሳቸው ምዕራፍ አላቸው፤ ዓይን ላይ ስለተቀመጡ አገራቸውን አይለቁም።

ትራኮማ ኤ 71 ነው። ንቁ ደረጃ ላይ ሲሆን ኤ 71.1። አንዲት እናት የዓይን ፀጉሯ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ለቀዶ ሕክምና ስትመጣና ሐኪሙ «የቆየ ትራኮማ ያስከተለው የፀጉር መቀልበስ» ብሎ ሲጽፍ ግን ኤ 71 አይሆንም። ኢንፌክሽኑ አልፏል፤ የቀረው ጠባሳው ነው። ዋናው ኮድ አሁን ያለው ችግር ነው፣ ኤች 02.0፤ ከዚያ ቢ 94.0፣ የትራኮማ መዘዝ፣ ተጨማሪ ሆኖ ይከተላል። ይህን ማሳሳት ቀላል ጉዳይ አይደለም። ያለፈውን ንቁ ብሎ የመዘገበ ሰው የሌለ ወረርሽኝ ይፈጥራል።

በአራስ ሕፃን ላይ የሚታይ የዓይን ማዝ ፒ 39.1 ነው፤ የጨብጥ መሆኑ ከተጻፈ ኤ 54.3። በቫይረስ የመጣ ማዝ ቢ 30 ውስጥ ይገባል። ኤች 10 ሥር የሚቀሩት አለርጂውና ሐኪሙ የተሕዋሱን ስም ያልጠራባቸው ናቸው። የሬቲና፣ ማለትም ከዓይን ጀርባ ብርሃን የሚቀበለው ሽፋን፣ ካንሰር ሲ 69.2 ነው፤ የዓይን ቆብ ቆዳ ካንሰር ደግሞ ሲ 44.1፣ ምክንያቱም ምደባው የዓይን ቆብን ቆዳ ከቆዳ ጋር ይቆጥረዋል።

ዳፍንትን ለብቻው ላንሳው። ማውጫው ወደ ኤች 53.6 ይወስዳችኋል። ዝርዝሩ ላይ ስትደርሱ ግን በቫይታሚን ኤ እጥረት የመጣው ወደ ኢ 50.5 ይሂድ ይላል። ኢ 50 በሙሉ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ነው፤ የዓይን ነጩ መድረቅ፣ ቢቶት የሚባለው ነጭ ነጠብጣብ፣ የኮርኒያ መድረቅ፣ ቁስለት፣ መሟሟት፣ እያንዳንዱ የራሱ ቁጥር አለው። ሐኪሙ «ቢቶት ስፖት» ብሎ ከጻፈ ኢ 50.1 ነው፤ ኢ 50.9 ብሎ ማለፍ የተጻፈን ቃል መጣል ነው።

የሞራ ግርዶሽ

ሥራው የሚበዛው እዚህ ነው፣ ስሕተቱም እንዲሁ። ሐኪሙ «ካታራክት» ብቻ ብሎ ከጻፈ ማውጫው የሚሰጣችሁ ኤች 26.9 ነው። ኤች 25 በእርጅና የመጣው ስለሆነ ሐኪሙ ይህንን የሚል ቃል መጻፍ አለበት። በሽተኛው የ70 ዓመት ሰው ነው ብሎ ኮደሩ በራሱ ወደ ኤች 25 መሄድ የለበትም፤ ሰባ ዓመት የሞላው ሰውም ዓይኑን ተመትቶ ሊሆን ይችላል።

ኤች 25 ውስጥ ከገባን በኋላ አራተኛዋ አኃዝ የግርዶሹን ቦታና ደረጃ ትናገራለች። በሌንሱ አስኳል ዙሪያ ያለው፣ ኮርቲካል የሚሉት፣ እና ከሌንሱ ከረጢት ሥር ያለው ኤች 25.0 ነው፤ የሌንሱ አስኳል የጠጠረበት፣ ሐኪሞች «ኤንኤስ ሁለት ፕላስ» ብለው የሚጽፉት፣ ኤች 25.1፤ ከመጠን ያለፈ የበሰለው፣ ሃይፐርማቹር ወይም ሞርጋኒያን የሚሉት፣ ኤች 25.2። ሁለት ዓይነት ባንድ ላይ ከተጻፈ ኤች 25.8 አለ። እንግዲህ ነጥብ ዘጠኝ ላይ ከመድረሳችን በፊት ስንት በር እንዳለ ተመልከቱ።

ኤች 26 ደግሞ ከነጥብ ዘጠኙ በቀር በአብዛኛው ምክንያቱ የታወቀበት ሰፈር ነው። ነጥብ 0 የሕፃናትና የወጣቶች፣ ነጥብ 1 ከጉዳት፣ ነጥብ 2 ከሌላ የዓይን በሽታ፣ ነጥብ 3 ከመድኃኒት፣ ነጥብ 4 ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚመጣው። ያ የአራት ዓመት ልጅ የት ነው የሚገባው? ሐኪሙን ጠየቅኩት፤ ሲወለድ ጀምሮ የነበረ ነው አለኝ። ስለዚህ ኤችም አልነበረም፤ ኪው 12.0። ከተወለደ በኋላ የመጣ ቢሆን ኖሮ ኤች 26.0 ይሆን ነበር። ልዩነቱን የሚያውቀው ሐኪሙ ብቻ ነው፣ ዕድሜ አይነግራችሁም።

ለረጅም ጊዜ ስቴሮይድ የወሰደ ሰው ከሌንሱ ከረጢት ጀርባ ግርዶሽ ሊያበጅ ይችላል። ካርዱ ላይ «ከከረጢቱ ሥር» የሚለው ብቻ ቢታይ ኤች 25.0 ያስመስለዋል። ሐኪሙ «በስቴሮይድ ምክንያት» ካለ ግን ኤች 26.3 ነው፤ መድኃኒቱን ለማመልከት ዋይ 42.0 ይጨመራል። ሁለተኛው ኮድ ለብዙ ሰው ጣጣ ይመስለዋል። እኔ ግን የመድኃኒት ጉዳት ለሚከታተሉ ሰዎች የምንልከው ብቸኛ ደብዳቤ እሱ ነው እላለሁ።

ቀዶ ሕክምና ከተደረገና ሰው ሠራሽ ሌንስ ከገባ በኋላ የኋላው ከረጢት ሲደፈርስ በሽተኛው «ሞራው ተመለሰብኝ» ይላል። ሐኪሙም ፒሲኦ ብሎ ይጽፋል። ሞራው አልተመለሰም፣ ሌንሱ ወጥቷል፤ ኮዱ ኤች 26.4 ነው። የገባው ሌንስ መኖሩን ዜድ 96.1 ይናገራል። ከዚህ አንድ ጠቃሚ ፍተሻ ይወጣል፤ በአንድ ዓይን ላይ ዜድ 96.1 እና ኤች 25 አብረው ከተገኙ አንዱ ውሸት ነው። ሌንስ አልባነት የሆነው ኤች 27.0 እና ዜድ 96.1 ባንድ ዓይን ላይ ሲገናኙም እንዲሁ። ምደባው ራሱ ግራና ቀኝ ስለማይለይ ግን ከመጮኻችሁ በፊት የትኛው ዓይን እንደሆነ ካርዱን እዩ፤ አንዱ ተሠርቶ ሌላው ተራ የሚጠብቅ ሰው ብዙ ነው።

ስኳርና ሁለቱ ምልክቶች

አይሲዲ-10 አንዳንድ በሽታዎችን በሁለት ኮድ ይገልጻል። ምንጩ መስቀል የምትመስል የዳገር ምልክት፣ በአካል ክፍሉ ላይ የታየው ደግሞ ኮከብ ይይዛል። በስኳር የተጎዳ ሬቲና ኢ 11.3 ከዳገር ጋር፣ ቀጥሎ ኤች 36.0 ከኮከብ ጋር ነው። ኮከብ ያለው ኮድ ብቻውን አይቆምም፣ ቀድሞም አይጻፍም። የዓይን ክፍል ሰው ዓይኑን ማስቀደም ይቀናዋል፤ እዚህ ግን ስኳሩ ይቀድማል።

ኢ 10 ኢንሱሊን የግድ የሚያስፈልገው ዓይነት፣ ኢ 11 የማያስፈልገው ዓይነት፣ ኢ 14 ዓይነቱ ያልተገለጸ ነው። በሽተኛው ኢንሱሊን ይወጋል ማለት ዓይነት አንድ ነው ማለት አይደለም፤ ዓይነት ሁለት ሆኖ የሚወጋም አለ። ካርዱ ላይ ዓይነቱ ካልተጻፈ ከመድኃኒቱ አትገምቱ።

ሌላው ወጥመድ «ስኳር አለበት፤ ካታራክት አለበት» የሚል ካርድ ነው። በስኳር የመጣ ካታራክት ኤች 28.0 የሚል የኮከብ ኮድ አለው። ነገር ግን ሁለቱ አንድ ገጽ ላይ ስለተገናኙ ብቻ እኔ አላጋባቸውም። የስኳር ሕመምተኛም ያረጃል፤ ግርዶሹ ከዕድሜው ሊሆን ይችላል። «በስኳር ምክንያት» የሚል ቃል ከሌለ እጠይቃለሁ።

ግላኮማ

በጥርጣሬ የሚከታተሉት ሰው ኤች 40.0 ነው፤ ግፊቱ ከፍ ብሎ ነርቩ ገና ያልተጎዳም እዚሁ ይገባል። ማዕዘን የሚሉት የዓይን ፈሳሽ የሚወጣበትን ቦታ ነው፣ ቀዳሚ ማለት ደግሞ ከሌላ ችግር ያልመጣ፤ ቀዳሚ ክፍት ማዕዘን ኤች 40.1፣ ቀዳሚ ዝግ ማዕዘን ኤች 40.2። ከነጥብ 3 እስከ ነጥብ 6 ያሉት ከጉዳት፣ ከዓይን ብግነት፣ ከሌላ የዓይን በሽታና ከመድኃኒት የመጡት ናቸው፤ እነዚህ ምክንያታቸውም ኮድ እንዲሰጠው ይጠይቃሉ። አብሮ የተወለደ ግላኮማ ኪው 15.0። ብዙዎችን የሚያስገርመው ግን ብርሃን እንኳ የማያይ፣ ፍጻሜው ላይ የደረሰው አብሶሉት ግላኮማ ነው፤ ስሙ ግላኮማ ሆኖ ኤች 40 ውስጥ የለም። ኤች 44.5 ነው፣ ከሟሸሸ የዓይን ኳስ ጋር። የኤች 40ን ማስታወሻ ያላነበበ ኮደር ይህን አያገኝም።

ሸውራራነት ኤች 49 እና ኤች 50፣ የመነጽር ጉዳይ ኤች 52 ነው። ቅርብ አይቶ ሩቅ የማያይ ኤች 52.1፣ አርባን አልፎ ማንበብ የከበደው ኤች 52.4። እዚህ ላይ የሚያከራክር ነገር ገጥሞኝ አያውቅም።

ጉዳትና ባዕድ ነገር

ሦስት የሚመሳሰሉ ካርዶች ላንሳ። የብየዳ ፍንጣሪ ኮርኒያው ላይ ተሰክቶ በመርፌ ጫፍ ተነሥቷል፤ ቲ 15.0። ብረት ዓይኑን በስቶ ገብቶ ውስጥ ቀርቷል፤ ኤስ 05.5። ከዓመታት በፊት የገባ፣ ያኔ ሳይታወቅ ቀርቶ ዛሬ የተገኘ ማግኔት የሚስበው ብረት፤ ኤች 44.6፣ ማግኔት የማይስበው ከሆነ ኤች 44.7። ሦስቱም ካርድ ላይ «ባዕድ ነገር» የሚል ቃል ብቻ ሊታይ ይችላል። መጠየቅ ያለበት ሁለት ነው፤ ዓይኑን በስቷል? ትኩስ ነው ወይስ የቆየ?

የኮርኒያ መላላጥ ያለ ባዕድ ነገር ኤስ 05.0፣ የዓይን ቆብ መቆረጥ ኤስ 01.1፣ በቡጢ የጠቆረ ቆብ ኤስ 00.1፣ ቃጠሎና ኬሚካል ቲ 26። በሁሉም ላይ የጉዳቱ ምክንያት ከሃያኛው ምዕራፍ ይጨመራል። «ዓይኑን ተመታ» ብቻ ተብሎ ሲጻፍ፣ በምን? ኳስ ነው፣ ዱላ ነው፣ ሰው ነው? ይህ ቃል አብዛኛውን ጊዜ ያለው ሐኪሙ ገጽ ላይ ሳይሆን ድንገተኛ ክፍል በጻፉት ገጽ ላይ ነውና ወደ ኋላ ግለጡ።

የማየት አቅም

ኤች 54 ላይ ስንደርስ ሠልጣኞቼ ይደክማሉ። ቁጥሮቹ ግን ጥቂት ናቸው። 6/18 ማለት ደህና የሚያይ ሰው በ18 ሜትር የሚለየውን ይህ ሰው በ6 ሜትር ይለያል ማለት ነው። 6/18 ወይም ከዚያ የተሻለ፣ ቀላል ወይም ምንም ጉድለት የለም። ከ6/18 የባሰ እስከ 6/60 መካከለኛ፤ ከ6/60 የባሰ እስከ 3/60 ከባድ፤ ከ3/60 የባሰ ዓይነ ስውርነት ነው፣ እሱም በሦስት ይከፈላል፤ እስከ 1/60 ወይም በአንድ ሜትር ጣት እስከ መቁጠር፣ ከዚያ ብርሃን እስከ መለየት፣ በመጨረሻም ብርሃን አለማየት። ድንበር ላይ ያለው ቁጥር የሚገባው ወደ ቀለለው ነው፤ ልክ 6/60 ያየ ሰው መካከለኛ ነው እንጂ ከባድ አይደለም። የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ የሚለይ ሰው ደግሞ ዓይነ ስውርነት ውስጥ ነው።

የሚለካው ሰውዬው እንደመጣ ነው። መነጽር ካለው ከነመነጽሩ፣ ከሌለው ያለ መነጽር፤ «በጥሩ መነጽር ቢሆን» የሚለው የተሻለ ውጤት ለዚህ ኮድ አይወሰድም። ከኤች 54.0 እስከ ኤች 54.3 ያሉት የሁለቱም ዓይኖች ሲሆኑ መለካት ያለበት ሁለቱም ተከፍተው ነው፤ ከኤች 54.4 እስከ ኤች 54.6 ያሉት ግን እያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ተለክቶ ነው። አንዱ ዓይኑ 6/9 ሆኖ ሌላው የእጅ እንቅስቃሴ ብቻ የሚያይ ሰው ኤች 54.4 ነው፣ የአንድ ዓይን ስውርነት። ይህን ሰው ኤች 54.0 ብሎ የመዘገበ ኮደር በማግሥቱ መኪና የሚነዳ ዓይነ ስውር ፈጥሯል ማለት ነው።

ኤች 54ን ለብቻው አትተዉት። ዓይኑን ያጠፋው በሽታ ዋናው ኮድ ሆኖ ኤች 54 ቢከተል መረጃው ይናገራል። ስንት ሰው አያይም የሚለውን ማንም ይጠይቃል፤ በምን ምክንያት ነው የሚለው ግን የሚመለሰው ሁለቱ ኮዶች አብረው ሲሆኑ ነው።

በአሜሪካው ምደባ ለምትሠሩ

የኢንሹራንስ ክፍያ የርቀት ሥራ የያዙ ልጆች ይጠይቁኛልና በአጭሩ። አሜሪካ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከጥቅምት 1 ቀን 2015 ጀምሮ የምትሠራበት አይሲዲ-10-ሲኤም እስከ ሰባት ፊደልና አኃዝ ይደርሳል። ዓይን ይለያል፤ በአብዛኛው 1 ቀኝ፣ 2 ግራ፣ 3 ሁለቱም። የቀኝ ዓይን አስኳል ግርዶሽ ኤች 25.11፣ የግራ 25.12፣ የሁለቱም 25.13። ለዓይን ቆብ ላይኛውና ታችኛው ሳይቀር ይለያል። ክፍት ማዕዘን ግላኮማ ላይ ሰባተኛዋ ቦታ ደረጃውን ትይዛለች፤ 1 ቀላል፣ 2 መካከለኛ፣ 3 ከባድ። ሁለቱ ዓይኖች ደረጃቸው ከተለያየ ሁለት ኮድ ነው።

ዳገርና ኮከብ እዚያ የለም፤ የስኳርና የሬቲና ጉዳት ባንድ ኮድ ይጠቃለላል። ኢ 11.3293 ማለት ዓይነት ሁለት ስኳር፣ ቀላል የሬቲና ጉዳት፣ ማኩላው (የሬቲናው መሐል) ያላበጠ፣ ሁለቱም ዓይን ማለት ነው። ኢ 14ም የለም፤ ዓይነቱ ያልተገለጸ ስኳር ወደ ኢ 11 ይሄዳል። ጉዳት ላይ ቦታ የሚሞላ ኤክስ ይገባና ሰባተኛዋ ኤ፣ ዲ ወይም ኤስ ትሆናለች፤ ኤስ 05.01ኤክስኤ እንደሚባለው። ኤ ማለት የመጀመሪያ ቀጠሮ ማለት ሳይሆን ዋናው ሕክምና ገና እየተሰጠ ነው ማለት ነው። ለተመላላሽ ታካሚ «ሳይሆን አይቀርም» የተባለ በሽታ እንዳለ ተደርጎ ኮድ አይሰጠውም፤ ምልክቱ ኮድ ይሰጠዋል።

ሐኪሙን መጠየቅ

ጥያቄ ሲጻፍ መልስ ማጉረስ የለበትም። «ዶክተር፣ ይኼ ክፍት ማዕዘን ነው አይደል?» ብዬ ስጠይቅ ሥራ የበዛበት ሐኪም «አዎ» ብሎ ይሄዳል። አሁን እንዲህ እጽፋለሁ፤ «ዶክተር፣ በዚህ ካርድ ላይ ግላኮማ ተብሎ ተጽፏል። ዓይነቱን ቢገልጹልን፤ ቀዳሚ ክፍት ማዕዘን፣ ቀዳሚ ዝግ ማዕዘን፣ ከሌላ ችግር የመጣ፣ ሌላ፣ ወይም ገና ያልተለየ።» የመጨረሻዋ ምርጫ ትኑር። ገና ያልተለየ ካሉ ነጥብ ዘጠኝን በሙሉ ልብ እጽፋለሁ። መልሱ በቃል ከተነገረኝ ካርዱ ላይ እንዲጽፉልኝ እለምናለሁ፤ ኮሪደር ላይ የተባለ ነገር ማስረጃ አይሆንም። ጥያቄዎቼን አጠራቅሜ ባንድ ጊዜ እወስዳለሁ፤ በየካርዱ የሚሮጥ ኮደርን በሩ ላይ ሲያዩት ፊታቸውን ያዞራሉ።

አሥራ አንደኛው ምደባ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 ጸድቆ ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። እዚያ የእይታ ሥርዓት ዘጠነኛው ምዕራፍ ነው፤ ካታራክት 9ቢ10፣ ግላኮማ 9ሲ61፣ የማየት ጉድለት 9ዲ90። ግራና ቀኝ በተቀጥላ ኮድ ይያያዛል። ኦ እና አይ የሚባሉትን የላቲን ፊደላት ከዜሮና ከአንድ ጋር እንዳይምታቱ አልተጠቀመባቸውም፤ የእጅ ጽሑፍ ላነበበ ሰው ይህ ትልቅ ውለታ ነው።

ወር ሲያልቅ ዝርዝሩን በዕድሜ ደርድሬ ከላይ ጀምሬ አያለሁ። ከአርባ በታች ሆኖ ኤች 25 የያዘ፣ ከአንድ ወር በላይ ሆኖ ፒ 39.1 የያዘ፣ ኮከብ ያለው ኮድ ለብቻው የቆመበት፣ ኤስ ወይም ቲ ይዞ የጉዳት ምክንያት የሌለው፣ እነዚህን አወጣለሁ። ከዚያ ነጥብ ዘጠኞቹን ለብቻ አደርግና ካርዶቹን ከካርድ ክፍል አስመጥቼ እንደገና አነባለሁ።